የፑንጃቡ አንበሳና የኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ የልጅ ልጆች

ራንጂት ሲንግ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ዛሬ በፓኪስታን ግዛት በምትገኘው በጉጅራንዋላ ተወለደ። ፑንጃብ ያኔ አንድ ንጉሥ አልነበራትም። የሙጋሎች ሥልጣን ተንኮታኩቷል፤ አፍጋኖች በየጊዜው እየወረዱ ይዘርፋሉ፤ ሲኮች ደግሞ ሚስል በሚባሉ የጦር ማኅበሮች ተከፋፍለው አንዱ የሌላውን መሬት እየቀማ፣ እየታረቀ፣ እየተጋባ፣ እንደገና እየተጣላ ይኖራል። ዘመነ መሳፍንትን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመገመት አይቸገርም። በእኛም አገር በዚያው ዘመን ጎንደር ላይ ራሶች ንጉሥ ያነግሡ፣ ንጉሥ ያወርዱ ነበር።

የልጁ አባት ማሃ ሲንግ ሱከርቻኪያ የተባለው ሚስል አለቃ ነበር። ልጁን ገና በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ይዞት ግራ ዓይኑን አጠፋው፤ ፊቱንም አበለዘው። አባቱ ሲሞት ራንጂት ገና ለአቅመ አዳም አልደረሰም። ከዚያ በኋላ የቆመው በሴቶች ትከሻ ነው። አማቱ ሳዳ ካውር ባሏ በጦርነት የሞተባት፣ ራሷ ጦር የምትመራ ብርቱ ሴት ነበረች፤ የራሷን ሚስል ሠራዊት ከአማቿ ሠራዊት ጋር ቀላቅላ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1799 ላሆርን አብራው ያዘች። የከተማዋ ታላላቅ ሰዎች የነበሩባቸውን ገዥዎች ጠልተው ራሳቸው ስለ ጠሩት በሩ የተከፈተለት ያለ ብዙ ውጊያ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና አሥራ ስምንት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1801 የጸደይ በዓል ሰሞን፣ ማሃራጃ ተባለ።

ስለ ራንጂት ሲንግ ከሚነገረው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ያሸነፈው ጦርነት ብዛት አይደለም። ሙልታንን በ1818፣ ካሽሚርን በ1819፣ ፔሻዋርን በ1834 ያዘ፤ ይህ በየመጽሐፉ ተጽፏል። የሚገርመኝ በስሙ ገንዘብ አለማሳተሙ ነው። በመንግሥቱ የተመታው ብር በሲክ እምነት መሥራች በጉሩ ናናክ ስም የተመታ ነበር፤ መንግሥቱም የሚጠራው በእሱ ስም ሳይሆን በካልሳ፣ ማለትም በሲኮች ማኅበር ስም ነው። ከሕዝቡ ብዙው እስላም፣ ቀጥሎ ሂንዱ፣ ሲኩ ጥቂት መሆኑን ያውቅ ነበር። ስለዚህ የውጭ ጉዳዩን የያዘለት ፋኪር አዚዙዲን እስላም፣ ገንዘብ ቤቱን የያዘለት ዲና ናት ሂንዱ ነበሩ። እጁ ላይ ሥልጣን እያለ የሞት ፍርድ ከመፍረድ መቆጠቡንም ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ያነሡለታል።

ጠርዙ ላይ ግን ጨለማ ነበረው። የአፍጋኑ ስደተኛ ንጉሥ ሻህ ሹጃ ጥገኝነት ፍለጋ ላሆር ሲመጣ፣ ራንጂት እንግዳውን በዘበኛ አስከብቦ ኮሂኑር የተባለውን ታላቅ አልማዝ በ1813 ተቀበለው። ላሆር ያስገባችውን አማቱን ሳዳ ካውርንም በስተርጅና ርስቷን ነጥቆ አሰራት። ንጉሥን ስናመሰግን ይህንንም ማስታወስ ግድ ይላል።

እንግሊዞችን ግን ፈራቸው፤ ፍርሃቱም ብልኅነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1809 አምሪትሳር ላይ ውል ተዋዋለ፦ የሱትሌጅ ወንዝ ድንበር ይሁን፣ እኔ አልሻገርም፣ እናንተም አትሻገሩ። ለሠላሳ ዓመት ጠበቀው። ወዳጅነቱን እያሳየ ግን ሠራዊቱን ያዘጋጅ ነበር። በ1822 ከናፖሊዮን ሠራዊት ተበትነው ሥራ የሚፈልጉ ሁለት መኮንኖች፣ ፈረንሳዊው አላርና ጣሊያናዊው ቬንቱራ፣ ላሆር ደረሱ። እግረኛውን በአውሮፓ ሥርዓት አሠለጠኑለት፤ ሌሎች ተከትለው መጥተው መድፍ የሚቀልጥበትን ቤት አቋቋሙለት። ከአርባ ዓመት በኋላ ጋፋት ላይ ሚስዮናውያንን ሰብስቦ መድፍ ሥሩልኝ ያለውን የእኛን ንጉሥ እዚህ ላይ አለማሰብ አይቻልም። ልዩነቱ ራንጂት ያገኘው የጦር ሰው፣ ቴዎድሮስ ያገኘው ደግሞ ወንጌል ሊሰብክ የመጣ የእጅ ባለሙያ መሆኑ ነው።

ራንጂት ሲንግ እ.ኤ.አ. በሰኔ 27 ቀን 1839 ሞተ። አራት ሚስቶቹና ሰባት አገልጋዮቹ አብረውት ከነሕይወታቸው ተቃጠሉ። ስለዚህ ንጉሥ የሚሠራ ማንኛውም ድራማ ይህን እሳት ሳያሳይ ቢያልፍ ለተመልካቹ ግማሹን ነግሮ ግማሹን ሰረቀው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በአራት ዓመት ውስጥ የሆነው ሁሉ የአንድ ቤት መፍረስ ነው። አልጋ ወራሹ ካራክ ሲንግ ዓመት ከመንፈቅ ሳይቆይ ሞተ። ልጁ ናው ኒሃል ሲንግ የአባቱን ሬሳ አቃጥሎ ሲመለስ የበር ግንብ ተደርምሶ መታው፤ እሱም ተከተለ። ሼር ሲንግ ነገሠ፤ በመስከረም 1843 በጥይት ተገደለ። በመጨረሻ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር፦ ዱሊፕ ሲንግ፣ የራንጂት የመጨረሻ ልጅ። እናቱ ጂንድ ካውር እንደራሴ ሆና ከመጋረጃ ወጥታ፣ ከመኳንንቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ መንግሥቱን ያዘች።

እንግሊዞች የሚጠብቁት ይህን ነበር። በታኅሣሥ 1845 ጦርነቱ ሲጀመር የላሆር ሠራዊት ብርቱ ነበር፤ ከላዩ ያሉት አዛዦች ግን፣ ቴጅ ሲንግና ላል ሲንግ፣ ከጠላት ጋር ይላላኩ እንደነበር ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ሙድኪ፣ ፌሮዝሻህ፣ በመጨረሻም በየካቲት 1846 ሶብራዎን ላይ ሠራዊቱ ወንዙን ጀርባው አድርጎ ተሰበረ።

በእነዚህ በሦስቱም ውጊያዎች ላይ አንድ የእንግሊዝ የምህንድስና መኮንን ነበር። ሙድኪ ላይ ፈረሱ ከሥሩ ተገደለ፤ ፌሮዝሻህ ላይ ቆሰለ። በሁለተኛውም የሲኮች ጦርነት ሙልታን ሲከበብ ነበረ፤ በየካቲት 1849 ጉጅራት ላይ የፑንጃብ ሠራዊት ለመጨረሻ ጊዜ ሲሸነፍም ነበረ። አገሩ ከተያዘ በኋላ የፑንጃብ ዋና መሐንዲስ ሆኖ መንገድ ቀየሰ፣ ቦይ አስቆፈረ። ስሙ ሮበርት ናፒየር ነው። እኛ የምናውቀው ከዚያ ወዲህ ባለው ታሪኩ ብቻ ነው፤ የፑንጃብ ሰው ደግሞ በፊተኛው ብቻ ያውቀዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብ ግን መቅደላ ላይ የደረሰብን ነገር በድንገት የወረደ መዓት ሳይሆን በደንብ የተለማመደ እጅ ሥራ መሆኑ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1849 ፑንጃብ የእንግሊዝ ግዛት ተባለች። አሥር ዓመት የሞላው ዱሊፕ ሲንግ የመንግሥቱን መልቀቂያ ፈረመ፤ ኮሂኑርም ለንግሥት ቪክቶሪያ እንዲሰጥ በውሉ ተጻፈ። እናቱን ቀድመው ከእሱ ለይተው አስረዋት ነበር። በዚያው ዓመት እንደ ገረድ ለብሳ ከቹናር ምሽግ አመለጠችና በእግሯ ሄዳ ኔፓል ገባች። ልጁን ደግሞ ዶክተር ሎጊን ለሚባል ስኮትላንዳዊ ለአሳዳጊነት ሰጡት። በ1853 ክርስትና ተነሣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ እንግሊዝ ሄደ። ንግሥቲቱ ወደደችው፣ በታላቅ ሠዓሊ አሣለችው፤ በቤተ መንግሥቷም ያንኑ አልማዝ በእጁ እንዲይዘው አድርጋ መልሳ ተቀበለችው።

በዚሁ ዓመት ገደማ የቋራው ካሣ ኃይሉ መሳፍንቱን አንድ በአንድ እየጣለ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ አሸንፎ እዚያው ደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀባ፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። በኋላ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገባ። ልጃቸው ዓለማየሁ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ተወለደ።

ጂንድ ካውርና ልጇ ከአሥራ ሦስት ዓመት ተኩል መለያየት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1861 ካልካታ ላይ ተገናኙ። የእናትየዋ ዓይን ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ልጇን ተከትላ እንግሊዝ ገባች፤ ስለ አባቱ መንግሥት ነገረችው፤ በ1863 በዚያው በስደት ሞተች። አስከሬኗ በአገሯ ሥርዓት እንዲቃጠል ልጇ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሕንድ ይዟት ሄደ። ፑንጃብ እንዳይገባ ስለ ተከለከለ አመዷ በናሲክ አጠገብ ቀረ።

የእኛ ታሪክ ከዚህ ታሪክ ጋር በደም የተዛመደው በዚህ ጉዞ ላይ ነው። ዱሊፕ ሲንግ ሲሄድም ሲመለስም ካይሮ ላይ አረፈ። እዚያ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነበረው። የንግሥቲቱን ቤተ መንግሥት የለመደ፣ የእንግሊዝ መኳንንት ልጆችን ሊያገባ ይችል የነበረ ሰው፣ ሚስዮናውያኑን እግዚአብሔርን የምትፈራ የምሥራቅ ልጅ ፈልጉልኝ አላቸው። ያሳዩት ባምባ ሙለርን ነበር፤ በትምህርት ቤቱ ታስተምር የነበረች የአሥራ አምስት ወይም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። አባቷ ሉድቪግ ሙለር ጀርመናዊ ባለ ባንክ፣ እናቷ ሶፊያ ኢትዮጵያዊት ነበረች። ልጅቱ ከዓረብኛ በቀር አትናገርም፤ ሙሽራው ዓረብኛ አያውቅም። በአስተርጓሚ ተጠያየቁ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 7 ቀን 1864 እስክንድርያ በሚገኘው የእንግሊዝ ቆንስላ ተጋቡ።

ስለ ሶፊያ የተጻፈው ጥቂት ነው። ያኔ ኢትዮጵያዊት ሴት ካይሮ የምትደርሰው ብዙውን ጊዜ በባሪያ ንግድ መንገድ ነበር፤ በቀይ ባሕር ወይም በሱዳን በኩል። ልጇ ግን የላሆርን ዙፋን ወራሽ አገባች። ኤልቭደን በተባለው የእንግሊዝ ርስት ላይ፣ በውስጡ በሕንድ ቤተ መንግሥት አምሳል በታነጸው አዳራሽ፣ የራንጂት ሲንግን የልጅ ልጆች ወልዳ ያሳደገችው የኢትዮጵያዊቷ ልጅ ናት። ይህን ባነበብሁ ቁጥር የሚሰማኝ ደስታ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር ለምን ከእኛ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ቀረ ማሰብም አለብን።

ባምባ በተዳረችበት ዓመት ጥር ወር ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን በሰንሰለት አስረውት ነበር። ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ያለ መልስ ቀርቷል፤ ንጉሡም ተንቀናል ብለዋል። ከሦስት ዓመት በላይ የዘለቀው ድርድር ሳይሠራ ሲቀር ለንደን ጦር ላከች። የጦሩ መሪ እንዲሆን የተመረጠው የቦምቤይ ሠራዊት አዛዥ ሮበርት ናፒየር ነበር። ሠራዊቱ አሥራ ሦስት ሺህ ያህል፣ አብዛኛው ከሕንድ የመጣ፣ 44 ዝሆኖች መድፍ የሚጭኑለት ነው። ናፒየር ዙላ ላይ የወረደው በጥር 1868 ነው። በዚያው ወር ለንደን ውስጥ ባምባ ወንድ ልጇን ፍሬዴሪክን ወለደች።

ከዙላ ወደ ደጋው ከወጡት ክፍሎች አንዱ 23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒየር ነበር። ከማዝሃቢ ሲኮች የተመለመለ፣ በአንድ እጁ አካፋና ዶማ በሌላው ጠመንጃ የያዘ ሻለቃ። ፑንጃብ የተያዘችው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከእነዚህ ወታደሮች መካከል የአባቱ ወንድም ሶብራዎን ላይ ናፒየርን ሲዋጋ የወደቀ አይጠፋም ብዬ አስባለሁ። አሁን ግን የናፒየርን መንገድ ይጠርጋሉ፤ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በአንታሎ በኩል ገደሉን እየፈነቀሉ መድፉን ያሻግራሉ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዓርብ ነበር። ከቀትር በኋላ ፊታውራሪ ገብርዬ ጭፍራውን ይዞ ከፋህላ ተዳፋት ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ። ከሸለቆው የሚወጣው የእንግሊዝ ስንቅና ጓዝ ያለ ጠባቂ መስሎት ነበር። የጠበቀው ግን በተራራ መድፍ የተደገፈው የፑንጃብ ፓዮኒየር ሻለቃ ነው። እንግሊዛውያኑ አዲሱን ስናይደር ጠመንጃ ከጀርባው እያጎረሱ ሲተኩሱ፣ ፑንጃቦቹ የያዙት በአፉ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ነበር። ስለዚህ በሳንጃ ገቡ። ኢትዮጵያውያኑም በጦርና በጎራዴ ተቀበሏቸው። በዚያ ቀን ከወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው ሞተ፤ ገብርዬም ወደቀ። ከእንግሊዝ በኩል የቆሰሉት ሃያ ያህል ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ ሞቱ።

ይህን ቀን በድራማ ለማየት እመኛለሁ። መድፉና ጭሱ አይደለም የሚያጓጓኝ። በሜዳው ላይ ፊት ለፊት የቆሙት፣ አንዱ መንግሥቱን ያጣ ሕዝብ ልጅ፣ ሌላው ሊያጣ ሦስት ቀን የቀረው ሕዝብ ልጅ መሆናቸው ነው።

ሰኞ፣ በማግሥተ ፋሲካ፣ መቅደላ ተሰበረ። ቴዎድሮስ ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ከአምባው የተዘረፈውን መጽሐፍ፣ ጽዋ፣ ዘውድና ልብስ ለማጓጓዝ አሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ ያህል በቅሎ አስፈልጎ ነበር። ዝርፊያውም ቢሆን ለናፒየር አዲስ አልነበረም፤ የላሆር ሀብት ተቆጥሮ በጨረታ ሲሸጥ የፑንጃብ ዋና መሐንዲስ የነበረ ሰው ነው። ከሁሉም የከበደው ግን የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ ነበር። እናቱ ጥሩወርቅ አብራው ስትሄድ መንገድ ላይ በሳንባ በሽታ ደከመች፤ ትግራይ ላይ ሞተች፤ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበረች። ሻምበል ስፒዲ የተባለ ግዙፍ እንግሊዛዊ ልጁን ይዞ በሐምሌ እንግሊዝ ገባ። ንግሥቲቱ የተቀበለችው በኦዝበርን ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ዱሊፕ ሲንግን ባስተናገደችበት በዚያው ቤት። ናፒየርም "የመቅደላ ሎርድ" የሚል ማዕረግ ተሰጠው።

ዓለማየሁን ከቼልተናም ወደ ረግቢ፣ ከረግቢ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት እያዘዋወሩ አቆዩት። የትም አልለመደም፤ ወደ አገሩም አልመለሱትም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1879 ሊድስ ከተማ ሳለ በሳንባ ሕመም ሞተ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ዊንድሰር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበረ።

ዱሊፕ ሲንግ ግን ረጅም ዕድሜ አገኘ፤ ረጅም ምሬትም። ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በገንዘብና በክብር እየተከራከረ ቆይቶ በ1886 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሕንድ ተነሣ። ኤደን ላይ፣ ከእኛ ባሕር ማዶ፣ መርከቡን አስቁመው ያዙት። እዚያው በቁጥጥር ሥር እንዳለ ወደ አባቱ እምነት ተመለሰ። ሚስቱና ልጆቹ ወደ ለንደን ተመለሱ፤ እሱ ወደ ፓሪስ፣ ከዚያም ወደ ሩሲያ ሄዶ ከንጉሡ እርዳታ ለመነ፤ አላገኘም። ባምባ በ1887 ሞተች፤ ገና አርባ ዓመት አልሞላትም። እሱም በ1893 ፓሪስ ላይ አረፈ። እሱንና ሚስቱን የቀበሯቸው በኤልቭደን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው።

የእናታቸው እናት ኢትዮጵያዊት የሆኑት ሦስቱ ሴቶች ልጆች ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ትልቋ የተጠራችው ባምባ ሶፊያ ጂንዳን ተብላ ነው፤ የእናቷን፣ የኢትዮጵያዊቷን አያቷንና የፑንጃቧን አያቷን ስም በአንድ ላይ ይዛ። መካከለኛዋ ካትሪን ኑሮዋን በጀርመን አደረገች፤ ናዚዎች በተነሡ ጊዜ አይሁድ ከአገር እንዲያመልጡ ረዳች። ትንሿ ሶፊያ አሌክሳንድራ የቪክቶሪያ የክርስትና ልጅ ነበረች። ንግሥቲቱ በሰጠቻት በሃምፕተን ኮርት ቤት እየኖረች፣ ከሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ቆማ የሴቶችን የድምፅ መብት የሚሰብከውን ጋዜጣ ሸጠች። በኅዳር 1910 ከኤመሊን ፓንክኸርስት ጋር ወደ ፓርላማ ከዘመቱት ሴቶች ግንባር ቀደሟ ነበረች፤ ፖሊሶች በዚያ ቀን ሴቶቹን እየደበደቡ በተኗቸው። ድምፅ ካልሰጣችሁኝ ግብር አልከፍልም ብላ ጌጧ በሐራጅ ተሸጦባታል።

ያ ወር በእኛ አቆጣጠር 1903 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያም ለጋ አልጋ ወራሽ ይዛ ተጨንቃ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በሕመም ተይዘው በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ሲሾሙ ለሞግዚትነት ያመኑት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን ነው። ተሰማ የኢሉባቦር ገዥ፣ መናገሻቸው ከመቱ አለፍ ብሎ ጎሬ ነበረ፤ በ1890 ዓ.ም. ከዚያ የላኩት ጦር ነጭ ዓባይ ደርሷል። መቱና ኡካ፣ ጎሬና ቡሬ ያለ ሰው ይህን ስም ያለ ማስታወሻ ያውቀዋል። ላሆር ከራንጂት ሞት በኋላ ያጣችው እንዲህ ያለ፣ ራሱ ሊነግሥ የማይችልና የማይሻ፣ መኳንንቱ የሚፈሩት ሞግዚት ነበር፤ ሞግዚት ነን ያሉት ሁሉ እርስ በርስ ተጨራረሱ። አዲስ አበባ አግኝታው ነበር። ግን ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. በድንገት ሞቱ። ኢያሱ ያለ ሞግዚት ቀሩ፤ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። የኢሉባቦሩ ሰው አምስት ዓመት ጨምረው ቢኖሩ ኖሮ የሚለው ጥያቄ ታሪክ አጥኚ ሊመልሰው አይችልም፤ ድራማ ጸሐፊ ግን ሊያነሣው ይችላል፤ ይገባልም።

ባምባ ሶፊያ ጂንዳን ወደ አያቷ ከተማ ተመልሳ ላሆር ኖረች። በ1924 የጂንድ ካውርን አመድ ከናሲክ አስመጥታ ከራንጂት ሲንግ መታሰቢያ አጠገብ አሳረፈች፤ ልጇ ተከልክሎ የቀረውን የልጅ ልጇ ፈጸመችው።

የሲክ ወታደሮች ለውጊያ ወደ እኛ ምድር እንደገና የመጡት በ1933 ዓ.ም. ነው። 4ኛውና 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች በመጋቢት ከረንን ሰበሩ፤ 5ኛው በግንቦት አምባላጌ ላይ የጣሊያኑን እንደራሴ ዱክ ዲ ኦስታን ለእጅ መስጠት አበቃ። ያኔ ከአርበኞቻችን ጎን ነበሩ። ከነጻነት በኋላም ሕንዶች ጠመንጃ ሳይሆን ጠመኔ ይዘው መጡ፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ የሐረር ጦር አካዳሚም በሕንድ መኮንኖች ተቋቋመ።

ልዕልት ሶፊያ እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዝ ውስጥ ሞተች። ባምባ በ1957 ላሆር ላይ ሞታ በክርስቲያኖች መቃብር ተቀበረች። የራንጂት ሲንግ የታወቀ የዘር ሐረግ በእሷ ተዘጋ፤ የካይሮዋ ሶፊያም ዘር አብሮ።

ቴሌቪዥን የራንጂትን ሕይወት በሰፊው ያነሣው ከዚህ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሕንድ መንግሥት ጣቢያ ዶርዳርሻን በ2010 "ማሃራጃ ራንጂት ሲንግ" የሚል ተከታታይ አሳየ። በ2017 ደግሞ ላይፍ ኦኬ የተባለው ጣቢያ "ሼረ ፑንጃብ"፣ ማለትም የፑንጃብ አንበሳ ብሎ፣ በልጅነቱና በአነሣሡ ላይ አተኩሮ፣ ሻሊን ብሃኖትን አባቱን ማሃ ሲንግን አድርጎ አቀረበው፤ ጣቢያው ራሱ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሲቀየር ተቋጨ። ዱሊፕም በዚያው ዓመት "ዘ ብላክ ፕሪንስ" የሚል ፊልም ተሠራለት።

በእነዚህ ሥራዎች አንድ ነገር ይቆጨኛል። ተከታታዮቹ አንበሳው ሲያሸንፍ ይጀምሩና አንበሳው ሳይሞት ወይም ሲሞት ያበቃሉ። የቤቱ ታሪክ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጠብቀው፤ የአምስት ዓመቱ ሕፃን ዙፋን ላይ ሲወጣ፣ እናት በጨለማ ከምሽግ ስታመልጥ፣ ካይሮ ላይ አስተርጓሚ ሁለት ስደተኞችን ሲያግባባ። የእኛም ድራማ እንዲሁ ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴዎድሮስን በመድረክ አቁመውታል፤ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ በልብ ወለድ ጽፈውታል፤ የታላቅነታቸውን ልክ የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ሽጉጡ ከተተኮሰ በኋላ ያለው የዓለማየሁ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ የጥሩወርቅ የጨለቆት ሞት፣ ለቴሌቪዥን በተከታታይ ሊነገር የሚገባው ሆኖ ሳለ ተከታታይ አልሆነም። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ መቱ ያለ ቤተሰብ የሌላ አገር ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማየት ለምዷል። ሰው ረጅም ታሪክ ቁጭ ብሎ ለመከታተል ትዕግሥት የለውም የሚለው ምክንያት ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሁለት ነገር ከለንደን ተሰማ። አንደኛው፣ የልዕልት ሶፊያ ዱሊፕ ሲንግ መታሰቢያ የሆነ ሰማያዊ ሰሌዳ በሃምፕተን ኮርት በነበረችበት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የራንጂት ሲንግና የካይሮዋ ኢትዮጵያዊት የልጅ ልጅ ክብሯን አገኘች። ሁለተኛው፣ የዓለማየሁ አጽም ወደ አገሩ ይመለስ የሚለውን፣ በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመንም ቀርቦ የነበረውን ጥያቄ፣ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት እንደማይቀበል አስታወቀ። ምክንያቱ በዙሪያው የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም.፣ በሻምበል ስፒዲ ዘሮች እጅ የቆየ ከራሱ ላይ የተቆረጠ ጠጕር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ። አጽሙን በሚመለከት ንግግሩ ገና አላለቀም፤ ጥያቄውም በየጊዜው እየታደሰ ነው።